የሁለተኛው ቁልፍ አደራ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያስቃስትሻል ወይስ ቅባቱ ሠራልሽ? እማዬስ እንዴት ናት? በደንብ ትበላለች? ትስቃለች? ጋሼ ሰዓት ሠሪው ዐይኑን ታከመ ወይስ አሁንም የሰውን ሰዓት በሁለት መነጽር ደርቦ ነው የሚፈታው? ወሬኛዋ ልጅሽ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ናፍቆቱን ካልቆጠርሽብኝ ጤና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። በደወልሽ ቁጥር ከስተሃል አይደል ትይኛለሽ፤ አልከሳሁም፣ እንዲያውም ሱሪ ጠቦኛል።

ወረቀት ያነሳሁት በስልክ የማይወራ ነገር ስለገጠመኝ ነው። በስልክ ከሆነ አንቺ መሐል ላይ ትስቂያለሽ፣ እማዬ ምን አለ ምን አለ ትላለች፣ ወሬኛዋ ስልኩን ትነጥቅሻለች፣ ነገሬ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ መሳቂያው ቦታ ላይም ሳቂ።

ነገሩ ስለ መኪናዬ ነው። ፎቶውን ለሰፈሩ ሁሉ አሳይተሽ ወንድሜ እንደ ሚኒስትር ነው የሚንፈላሰሰው ማለትሽን ሰምቻለሁ። መኪናዋ የቅንጦት መሆኗ እውነት ነው። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ በሯ ሲዘጋ ድምፁ አይሰማም፣ ኮረኮንች ላይ እንኳ ስትሄድ በብርጭቆ የያዝሽው ውሃ አይፈስም። ግን ዕድሜዋ ከወሬኛዋ ይበልጣል። ሀብታሞቹ አሮጌ ነው ብለው ትተዋታል፣ ድሆቹ ቤንዚን ትጠጣለች ብለው ፈርተዋታል፣ በዚህ መሐል ለእኔ ደረሰች። የሸጡልኝ ከእኔ ሰፈር ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ዐይኔ ደከመ፣ ከእንግዲህ አልነዳም አሉኝ። ልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ውስጥ ስቀቀል የኖርኩት ሰውዬ ዛሬ ከረባት አስሬ የሆቴል እንግዶችን ከአየር ማረፊያ የማመላልሰው በእሷ ነው። ትልቅ መኪና የሚወድ እንግዳ ሲመጣ የሆቴሉ በረኛ ለእኔ ይደውላል።

ሲሸጡልኝ የሰጡኝ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውስ ብላቸው፣ የባለቤቴ ነበር፣ እሷ ካረፈች በኋላ የት እንደገባ አላውቅም አሉኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ዋጋው ስለተስማማኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ያ አንዱ ቁልፍ ታዲያ መታመም ጀመረ። አንድ ቀን ከሆቴሉ ደጅ ባልና ሚስት እንግዶች ሻንጣቸውን ጭነው ከኋላ ተቀምጠዋል፣ መኪናዋ ቁልፉን አላውቀውም ብላ አሻፈረኝ አለች። ጨው እንደሚነሰንስ ሰው ነቀነቅኩት፣ እፍ አልኩበት፣ ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኩት። ሚስትየዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ መስኮቱ ዞረች። በመጨረሻ ቁልፉን ከመሪው ሥር አስጠግቼ ስይዘው ተነሳች። እኔ ግን ቆሌዬ ተገፎ ነበር። ያ ቁልፍ የሞተ ቀን መኪናዋ ቆዳ ወንበር ብቻ ናት፣ እኔም ወደ እንፋሎቱ ተመላሽ ነኝ።

በማግስቱ መኪናዋን ወደሚያስመጣው ድርጅት ሄድኩ። መሬቱ እብነበረድ ነው፤ ጫማዬ ሲንቋቋ ራሴን ሰማሁት። ሱፍ የለበሰች ልጅ በትሕትና ተቀብላኝ ዋጋውን ስትነግረኝ ጆሮዬን ጭው አደረገኝ። ቁልፍ እንጂ መኪና አልጠየቅኩሽም ልላት ነበር፣ እሷ ምን ታድርግ ብዬ ተውኩት። ቁልፉ ሳይሞት ከመጣህ ነው በዚህ ዋጋ የሚሠራልህ፣ ከሞተ ግን የመኪናዋ መቆለፊያ ከነኮምፒዩተሩ ይቀየራል አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ፣ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ ውስጧ ግራ የሚያጋባ ነገር አያለሁ። የማቆማት ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ ካለው ግቢ ነው። ሥራዬ ከቀትር በኋላ ስለሆነና አምሽቼ ስለምገባ ጠዋት አርፍጄ ነው የምነሳው። ወርጄ በሯን ስከፍት ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር፣ ቀጥ አድርጌ የተውኩት፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይጠብቀኛል። ሬዲዮኑ እኔ ከተውኩበት ወሬ ወደ ድሮ ዘፈን ተዛውሯል። አንድ ቀን መሬቱ ላይ የከረሜላ ልጣጭ አገኘሁ፤ ከረሜላ እንደማልወድ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። የጠፋ ዕቃ የለም። እንዲያውም አንዳንዴ መስታወቱ ተወልውሎ አገኘዋለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል እትዬ። ክፍሌ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር አለ። ሁለተኛ ወንበር ለመግዛት አስቤ ማን ይቀመጥበታል ብዬ ትቼዋለሁ። በመኪናዬ በቀን ውስጥ ስንት ሰው ይሳፈራል፣ ግን ከኋላ ሆነው ከስልካቸው ጋር ነው የሚያወሩት። እኔ ከአፌ የማወጣው እንኳን ደህና መጡ፣ ሻንጣዎን ይስጡኝ፣ ደርሰናል፣ አመሰግናለሁ ነው። ሌላውን የምናገረው ለመጥበሻው ነው። ስለዚህ ወንበሩን ያጋደልኩት እኔው ሆኜ ረስቼው ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ሌባ ነው አልኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? እውነቱን ልንገርሽና፣ አልፈራሁም። ሌባም ቢሆን ሰው ነው፣ ከእኔ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ ማለት ነው አልኩ። እንዲህ ማሰቤ ከሌባው በላይ አስደነገጠኝ።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። ከጫማ ሰፊው ጎን የቁም ሣጥን የምታህል ሱቅ አለች፣ ግድግዳዋ ሁሉ ቁልፍ ነው። ባለቤቱ እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ መቶ ቁልፍ ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። የታመመውን ቁልፍ እንዳየ ሳቀ። ከተጋጨ መኪና የወጣ አሮጌ ቀፎ አለኝ፣ ውስጡን አዲስ አድርጌ እሠራልሃለሁ፣ ዋጋውም ኪስህን አይጎዳም አለኝ። ደስ ብሎኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ወጥቶ ከመሪው ሥር አንድ ገመድ ሰካና ከትንሽ ማሽን ጋር አገናኘው። ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ማሽኑን አየ። ሌላው ቁልፍ የት አለ አለኝ። ጠፍቷል አልኩት። መኪናዋ የምታውቀው ሁለት ቁልፍ ነው፣ አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው አለኝ፤ አዲስ ቁልፍ ሲመዘገብ ነባሮቹ ሁሉ መቅረብ አለባቸው፣ ያልቀረበውን መኪናዋ ትረሳዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ቢመጣ አትከፍትለትም። ከዚያ ጣቱን ማሽኑ ላይ አድርጎ ላስረሳው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ በራልኝ። ወንበሩ፣ ሬዲዮኑ፣ ከረሜላው፣ ሁሉም። መኪናዬን የሚከፍት ሰው ቁልፍ ያለው ሰው ነው። አስረሳውና ገላግለኝ ማለት ነበረብኝ፣ አንቺም ብትሆኚ እንደዚያ ነበር የምትዪው። አፌ ግን ነገ ልምጣ አለ። መቶ ቁልፍ ትከሻውን ነቅንቆ ገመዱን ነቀለ።

በማግስቱ በማለዳ ተነስቼ ከመስኮቴ ሥር ተቀመጥኩ። ብዙ ሳልቆይ ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣቸውን ደፍተው በግቢው በር ገቡ። ግራ ቀኝ አዩ፣ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፣ መኪናዋ ጭርር ብላ ተከፈተችላቸው። በሹፌሩ በኩል ይገባሉ ብዬ ስጠብቅ ዞረው በሌላው በኩል ገቡ። ወንበሩን ጋደል አደረጉት። ከዚያ ምንም አላደረጉም፣ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ነጠላ ጫማ እንዳደረግኩ ወርጄ መስታወቱን አንኳኳሁ። ሲያዩኝ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ሆኑ። እኔ ልቆጣ ወርጄ እኔው አፈርኩ። በሩን ከፍተው ልመልስልህ ነው የመጣሁት አሉኝ። መኪናዋን ከሸጡልኝ በኋላ የባለቤታቸውን ቦርሳ ሲከፍቱ ቁልፉን አገኙት። ሊመልሱ ሲመጡ እኔ ተኝቻለሁ። ትንሽ ቁጭ ልበል ብለው ገቡ። ባለቤታቸው መንዳት አትችልም ነበር፣ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በዚህኛው በኩል ነው፣ ወንበሩን አጋድላ ከረሜላ እየበላች። ያን ቀን ሳይመልሱልኝ ሄዱ። በማግስቱ ሊመልሱ መጡ። በየቀኑ ልመልስልህ ነው የምመጣው አሉኝ፣ ከዚያ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ ይዤው እሄዳለሁ። ይህን ብለው ቁልፉን ዘረጉልኝ።

አንጀቴን በሉት። ቢሆንም ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ እትዬ፣ ስፈልገው የነበረው ቁልፍ በነፃ ከደጄ ድረስ መጣ፤ ያውም ብዙ ያልተነካ፣ መጫኛዎቹ ያልተፋቁ፣ ከእኔው የተሻለ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱኝና ቀስ እያሉ ሄዱ። ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ማንጠልጠያ አሰርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ጠዋት ጠዋት እንዳደረ ነው። ሬዲዮኑ ወሬውን ከተወበት ይቀጥላል። መስታወቱን አቧራ ጠጣው። ሰላም አገኘሁ ማለት ነው፣ ሆድ ግን ባሰኝ። የማይታየኝ ሰው ስለቀረብኝ ሆድ ይብሰኝ? በዚህ ዕድሜዬ? ግን ባሰኝ። አንድ ቀን ወንበሩን ራሴ አጋደልኩትና መልሼ ቀጥ አደረግኩት።

አዲሱን ቁልፍ ተውኩት ልለው መቶ ቁልፍ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ታስረው ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። ሲጠፉ አብረው ነው የሚጠፉት፣ እንዲህ ከሆነማ አንድ ቁልፍ ነው ያለህ አለኝ። ትርፉን ለሰውህ ስጠው፣ ያኛው መሞቱ እንደሆነ አይቀርም አለኝ። ለሰውህ አለኝ። ሰው የለኝም ማለት አፍሬ እሺ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የእኛን ቤት አሰብኩ። እኔ የቤታችን በር ቁልፍ እንዳለው ያወቅኩት ከጎረመስኩ በኋላ ነው፤ አንድም ቀን ሰው ጠፍቶበት ተቆልፎ አያውቅማ። አንቺ ባትኖሪ እማዬ፣ እማዬ ባትኖር የግድግዳ ጎረቤታችን። እዚህ ግን ትርፍ ቁልፍ በኪሴ ይዤ መንገድ ለመንገድ ስዞር አደራ የምሰጠው ሰው አጣሁ። በዚህ ከተማ የማውቃቸው ሰዎች ፊት አንድ ባንድ መጣብኝ። የሆቴሉ በረኛ ስሜን አያውቅም፣ መኪናው እያለ ነው የሚጠራኝ። የቤት አከራዬን የማያት ኪራይ ስከፍል ብቻ ነው።

የሽያጩ ውል ላይ የጥርስ ሐኪሙ አድራሻ ነበር። ሄጄ ደወሉን ተጫንኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ መጀመሪያ የተናገሩት መኪናዋ ምን ሆነች የሚል ነው። ምንም አልኳቸው። ግባ አሉኝ።

እትዬ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ የሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ስገባ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሻንጣ ላደርስ ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ ተቀመጥ የተባልኩበት ግን የለም። ጫማዬን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ ጨነቀኝ። ሁለት የክንድ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች አሉ፣ የትኛው የእሷ እንደነበር ስላላወቅኩ ቆሜ ቀረሁ። ገባቸውና በእጃቸው አሳዩኝ።

ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አደራ የሚለውን ቃል በቋንቋቸው ፈልጌ አጣሁት። አንቺ እንኳ እንዴት አድርገሽ ለባዕድ ታስረጂዋለሽ? ይሄ የእኔ ነው፣ ግን እርስዎ ዘንድ ይሁን፣ የእኔው የጠፋ ቀን እመጣለሁ፣ ባይጠፋም እመጣለሁ አልኳቸው። ቁልፉን አንስተው በእጅጌያቸው ወለወሉት። ከዚያ ቆፍጠን አሉና፣ ይህን ከተቀበልኩማ መሥራቱን በየጠዋቱ መሞከር አለብኝ አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሰው ፊት ድምፅ አውጥቼ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ለእኔ ያለው የታመመው ቁልፍ ነበርና ተያይዘን መቶ ቁልፍ ዘንድ ሄድን። ቁልፎቹ ሁሉ መቅረብ አለባቸው ብሎ የለ? ቀረቡ። የእኔን አስነካ፣ የእሳቸውን አስነካ፣ ካሮጌው ቀፎ የሠራውን አስነካ። ማሽኑ ሦስት ሲል መቶ ቁልፍ እኛን ሁለታችንን ተራ በተራ አይቶ፣ እስካሁን ሰው የለውም ብዬ አዝኜልህ ነበር አለኝ። ለካስ ያን ቀን አፍሬ እሺ ማለቴ ገብቶት ኖሯል። የጠየቀኝ ዋጋ ቀድሞ እንዳለው ኪስ የማይጎዳ ነው፤ ያቺ ሱፍ የለበሰችው ልጅ ብትሰማ ታዝናለች።

ስንመለስ ነዳሁላቸው። ከጎኔ ተቀመጡ፣ ወንበሩን አጋደሉ፣ ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፣ የማልወደውን በላሁ። ሁልጊዜ የነዷት እሳቸው ናቸው፤ እየሄደች ከዚያኛው በኩል ሆነው መንገዱን አይተውት አያውቁም። ለካስ ከዚህ በኩል የሚታየው ዛፍና ሰማይ ነው፣ እኔ የማየው የፊተኛውን መኪና ብቻ ነበር አሉኝ። እኔም ዛፍና ሰማዩን እንዲያዩ ብዬ መንገዱን ትንሽ አዞርኩላቸው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሲመጡ እወርዳለሁ። እንቀመጣለን፣ መኪናዋ የትም አትሄድም። ቋንቋው ስለሚያጥረኝ ብዙ አናወራም፣ የድሮ ዘፈናቸውን እንሰማለን። ብቸኝነቴ አለቀ ብዬ አልዋሽሽም። ቀትር ሲሆን እሳቸው ይሄዳሉ፣ እኔ ከረባቴን አስሬ እንኳን ደህና መጡና ደርሰናል ወደማለቴ እመለሳለሁ። ክፍሌም ያው ናት። አንድ ቀን ደግሞ መምጣታቸው እንደሚቀር አውቃለሁ፣ ሽማግሌ ናቸው። እሱን ሳስብ ያስፈራኛል። የሚያስፈራኝ ሰው ማግኘቴ ግን እሱም አንድ ነገር ነው።

እንግዲህ ላብቃ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ልጅሽ ጠግቦ አደረ በያት። ጋሼ ሰዓት ሠሪውን ዐይንህን ታከም ብሎሃል በዪው፣ መነጽሩን ሲያወልቅ ጠብቀሽ። ወሬኛዋን ሁለቱንም ጉንጯን፣ አዲሱ ጥርስ ከወጣ ደግሞ ሦስተኛ። የግድግዳ ጎረቤታችንን በግድግዳው አንኳኩተሽ ሰላም በዪልኝ። አንቺን እንዴት እንደምስምሽ አላውቅም፣ ብቻ ጉልበትሽን አሽተሽ ተኚ።

እስከ ዛሬ በላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ ብዕሬ የሚቆመው እዚህ ነበር። ሰው ሲጽፍ እዚህ ያሉት እነ እገሌም ሰላም ይሏችኋል ብሎ ነው የሚዘጋው፤ እኔ የምጨምረው ስም ስላልነበረኝ ቀን ጽፌ እዘጋው ነበር። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ይህን ወረቀት ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስጽፍ ለማን ነው አሉኝ። ለእህቴ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጥርስ ሐኪሙ ሰላም ይሉሻል፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከግቢው፣ ከመኪናዬ ውስጥ
ግንቦት 11 ቀን